መኪናዋ እምቢ ስትል ማን ነው እምቢ ያለው?

እንደምን አመሻችሁ። ስለ ኤሌክትሮኒክ የመሪ መቆለፊያና ስለ ኢሞቢላይዘር፣ ማለትም የማያውቀው ቁልፍ ሲመጣ መኪናዋ እንዳትነሳ ስለሚከለክለው ክፍል፣ አውራ ተብዬ ነው የመጣሁት። ግን በራሴ ጥፋት ልጀምር፤ ኋላ አንዳችሁ ከምታወጡብኝ ይሻላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት መኪና ተጎትታ መጣችልኝ። ቁልፍ ሳስገባ ዝም። ሳዞር ዝም። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት መብራት እንኳ የለችም። የጣሪያው መብራት ግን ይበራል፣ ጥሩምባውም ይጮኻል፣ ስለዚህ ባትሪው አልሞተም። እኔ ሆዬ ብዙም ሳላስብ «ሞተሪኖው ነው፣ ያ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው» አልኩና ከስር ገባሁ። ግማሽ ቀን ፈጅቼ፣ ክርኔን ተልጬ አወረድኩት። ጠረጴዛ ላይ አስሬ በቀጥታ ከባትሪ ብሰጠው እንደ አዲስ ተሽከረከረ። ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ ያያል። «ታዲያ ደህና ከሆነ ለምን አወረድከው?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስ?

አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሞተሪኖ ቢሞትም እኮ ዳሽቦርዱ መብራቱ አይቀርም! መብራቱ ራሱ ካልመጣ ነገሩ ገና ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም ማለት ነው። ከዚያ በፊት የሆነ ቦታ ላይ አንድ ነገር እምቢ ብሏል። ያን ቀን ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት መጠየቅ የነበረብኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ማን ነው እምቢ ያለው? የዛሬው ወሬዬ በሙሉ ይቺን ጥያቄ የምትዞር ነው።

የዛሬ መኪና ስታርት ከማድረጓ በፊት ውስጧ ብዙ ጥያቄና መልስ አለ። ቁልፉ «እኔ ነኝ» ይላል። ኢሞቢላይዘሩ «አውቅሃለሁ» ወይም «አላውቅህም» ይላል። የመሪ መቆለፊያው «ብረቴን ስቤያለሁ፣ መሪው ነፃ ነው» ብሎ ማረጋገጫ ይሰጣል። ከዚያ ነው ዳሽቦርዱ የሚበራው። ከዚያ የሞተሩ ኮምፒውተር እንደገና የሚስጥር ቃል ይጠይቃል፣ ደስ ካለው ቤንዚን ይለቃል። ቅደም ተከተሉ ከመኪና መኪና ይለያያል፣ አንዳንዷ ዳሽቦርዱን አብርታ ኋላ ነው የምትከለክለው። ግን ሁሉም ጋ በር ላይ የቆሙ ዘበኞች አሉ። አንዱ ዘበኛ ካላሳለፈ ከኋላው ያለው መምጣትህን እንኳ አይሰማም።

እስቲ ከቁልፉ እንጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ቁልፋችሁ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንዱ በር የሚከፍተው ሪሞት ነው። እሱ ባትሪ ይፈልጋል፣ የሚልከውም አብዛኛውን ጊዜ በ315 ወይም በ433.92 ሜጋኸርዝ ነው። ሌላው ትራንስፖንደር የምንለው ቺፕ ነው። ሩዝ ፍሬ የምታክል ናት፣ አንዳንዷ ደግሞ ትንሽ ጥቁር ጡብ ትመስላለች። ይቺ ባትሪ የላትም። ቁልፍ ማስገቢያው ዙሪያ የተጠመጠመ የሽቦ ቀለበት አለ፣ እሱ በ125 ኪሎኸርዝ አካባቢ ሞገድ ይለቃል፣ ቺፗ ከዚያው ሞገድ ጉልበት ተበድራ ነው የምትመልሰው። ስለዚህ «ሪሞቱ በር ይከፍታል፣ ቁልፉ ደህና ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ በትህትና አልፋችሁ ስራችሁን ቀጥሉ። ሁለቱ አይተዋወቁም። የሪሞቱ ባትሪ ሞቶ መኪናዋ ልትነሳ ትችላለች፤ ሪሞቱ እየሰራ ቺፗ ተሰንጥቃ መኪናዋ ልትዘጋችሁም ትችላለች።

አንድ ጊዜ አንድ ሰው ቁልፌ አረጀ ብሎ ቆንጆ አዲስ ሽፋን ገዝቶ፣ ውስጡን እቤቱ ራሱ ቀይሮ መጣ። ቦርዱን አዛውሯል፣ ብረቱን አዛውሯል፣ ሪሞቱ ይሰራል። ሞተሩ ግን ተነስቶ በሰከንዱ ይጠፋል። «አሮጌው ሽፋን የት ነው?» ስለው «ጣልኩት» አለኝ። ቺፗ እዛው አሮጌው ፕላስቲክ ጥግ ላይ ተለጥፋ ቀርታለች! ቆሻሻ መጣያ በርብሮ አገኛት፣ እግዜር ይስጠው። ሽፋን የምትቀይሩ ሰዎች፣ አሮጌውን ሳትፈትሹ አትጣሉ።

ይሄ ነገር ድሮ ቀላል ነበር። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1986 ኮርቬት ላይ ያደረገው ቁልፉ ብረት ላይ አንዲት ሬዚስተር መለጠፍ ነበር። አስራ አምስት ዓይነት መጠን ብቻ ነበራት፣ ስለዚህ ትዕግስት ያለው ሌባ አንድ በአንድ ሞክሮ ይደርስባት ነበር። ኋላ ትራንስፖንደር መጣና ነገሩ ጠበቀ። ጀርመን በ1998 መግቢያ፣ ሌላው የአውሮፓ ህብረት በዚያው ዓመት ጥቅምት፣ አውስትራሊያ በ2001፣ ካናዳ ደግሞ በ2007 አዲስ መኪና ያለ ኢሞቢላይዘር እንዳይሸጥ አዘዙ። ፍጹም ሆነ ማለት አይደለም፤ በ2005 የአሜሪካ ተመራማሪዎች በጊዜው በጣም የተስፋፋችውን ባለ40 ቢት የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቺፕ ሰብረው አሳይተዋል። ለእኛ ለጠጋኞች ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ «ሽቦ አገናኝቼ አስነሳታለሁ» የሚባለው ነገር አብቅቷል።

ወደ መሪ መቆለፊያው እንምጣ።

መሪ መቆለፍ አዲስ ነገር አይደለም። ቁልፍ ስትነቅሉ ወፍራም ብረት ወጥቶ የመሪው ዘንግ ላይ ያለ ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል፣ አለቀ። ኤሌክትሮኒኩ ላይ ያንኑ ብረት ትንሽ ሞተር ትገፋዋለች፣ ትስበዋለች። ሞተሯ ጣት ታክላለች። ከጎኗ ጥርሶች፣ አንድ ትንሽ ሰሌዳ፣ ብረቱ የት እንዳለ የሚያዩ ሴንሰሮች አሉ። ያ ነው በቃ። ግን የዚህን ዕቃ ፀባይ የሚወስነው የሰራው መሐንዲስ ፍርሃት ነው። መሐንዲሱ በሕይወቱ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ መኪናዋ በፍጥነት እየሄደች መሪው እንዳይቆለፍ። ስለዚህ የሞተሯን ኃይል ለብቻ፣ ፈቃዱን ለብቻ አደረገው፣ ሴንሰሩንም ደራረበው። ከሴንሰሮቹ አንዱ እንኳ ቢጠራጠር መልሱ እምቢ ነው። ብረቱ ሙሉ በሙሉ ተስቦ፣ መሪው እንደልብ እየዞረ፣ ሴንሰሩ ብቻ «አላየሁም» ስላለ መኪናዋ ሬሳ ሆና ትቆማለች። ባለቤቱ «መሪው እኮ ይዞራል፣ እሱ አይደለም» ይላችኋል። እሱ ነው።

ለዚህ የሚታወቀው ምሳሌ እንደገና ኮርቬት ነው፣ ከ1997 ጀምሮ የወጣው። መቆለፊያው መለቀቁን ማረጋገጥ ሲያቅታት ዳሽቦርዱ ላይ «ቁልፉን ነቅለህ 10 ሰከንድ ጠብቅ» የሚል ጽሑፍ ታወጣለች። ሞተሩ ሊነሳ ይችላል፤ መኪናዋ ገና መንቀሳቀስ ስትጀምር ግን ቤንዚኑን ትቆርጠዋለች። ፍርሃቱ ገባችሁ አይደል? ቁሚ እንጂ ከነተቆለፈ መሪሽ አትሂጂ ነው ነገሩ። ኩባንያው ኋላ ላይ መኪኖቹን ለጥገና ጠርቷል።

እሺ፣ አሁን መኪናዋ ፊታችሁ ቆማለች። ምን ታደርጋላችሁ?

መጀመሪያ ጸጥ አሰኙ። ሬዲዮ ዝጉ፣ ወሬ አቁሙ፣ የንፋስ መሙያው ማሽን ይጥፋ። አንድ እጃችሁን ከመሪው በታች ፕላስቲኩ ላይ አሳርፉና በሌላው ቁልፉን አስገቡ ወይም የማስነሻዋን በተን ተጫኑ። ጤነኛ መቆለፊያ «ዝዝት» የምትል አጭር ድምፅ አለችው፣ ከአንድ ሰከንድ አትበልጥም፣ እጃችሁም ላይ ትርገበገባለች። ድምፁ ከሌለ ወይ ትዕዛዝ አልመጣላትም፣ ወይ ሞተሯ ሞታለች። «ዝት፣ ዝት፣ ዝት» ብላ ደጋግማ ከሞከረች ትዕዛዙ አለ፣ ጉልበቱ ወይም ሴንሰሩ ነው ያነሰው። ድምፁ ሙሉ ሆኖ መኪናዋ ዝም ካለች ደግሞ ወደ ቀጣዩ ዘበኛ እለፉ። ይሄን ሁሉ በነፃ ነው ያወቃችሁት፣ አንድ ብሎን ሳትፈቱ።

ሁለተኛው ነገር ቀላል ነው፣ ግን ስንቱን ባለሙያ አሳስቷል። መኪናዋ ስትቆም ጎማዋ ድንጋይ ተደግፎ ወይም መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ከሆነ ብረቱ ጎድጓዳው ውስጥ በጎን ተጨምቆ ይቀራል። ትንሿ ሞተር ያን ጫና አትችልም። መሪውን በእጃችሁ ወደ ግራና ቀኝ እያወዛወዛችሁ ቁልፉን አዙሩ ወይም በተኗን ተጫኑ። ቶዮታ ላይ በተኗ ራሷ ትነግራችኋለች፤ አረንጓዴው ብልጭ ድርግም ካለ መሪው አልተለቀቀም ማለት ነው፣ ብርቱካናማው ብልጭ ድርግም ካለ ግን ሲስተሙ ውስጥ ብልሽት አለ። ሰው በተኗ ላይ የሚቀያየር መብራት ሲያይ ጌጥ ይመስለዋል።

ሦስተኛ ባትሪ። አውቃለሁ፣ ሰልችቷችኋል፣ ሁሉም ሰው ባትሪ ባትሪ ይላል። ግን ባትሪዋ የሞተ መኪናና ባትሪዋ የደከመ መኪና ለየቅል ናቸው። የሞተችው ግልጽ ናት። የደከመችው ነው የምታሳስተው፣ ምክንያቱም መብራቱን ታበራለች፣ ጥሩምባውን ታስጮኻለች፣ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ግን አንዱ መሐል ላይ ያንቀላፋል፣ ሌላው መልስ ሲያጣ «የማላውቀው ቁልፍ» ብሎ ይመዘግባል። የቮልት መለኪያውን ቴስተር አውጡ። አርፋ የቆየች ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ናት። 12.2 ካሳየች ግማሿ ሄዷል። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደች ስለ ኢሞቢላይዘር ገና አታውሩ፣ መጀመሪያ እሷን አድኑ፣ ማሳውንም፣ ባትሪውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ፣ አጥብቁ። ስንት ኮምፒውተር በላላ ማሳ ምክንያት ተቀይሯል መሰላችሁ!

ቀጥሎ ሁለተኛውን ቁልፍ ጠይቁ። «እቤት ነው» ይሏችኋል፤ ሂድና አምጣው በሉ። በሁለተኛው ቁልፍ ከተነሳች ነገሩ አለቀ፣ መኪናዋ ጤነኛ ናት፣ የታመመው ቁልፉ ነው። በሁለቱም እምቢ ካለች ሁለት ቺፕ ባንድ ቀን አይሞትምና ወደ ቀለበቱና ከሱ ወዲያ ተመልከቱ። በዚያው አጋጣሚ ከቁልፉ ጋር የተንጠለጠለውን ኮተት አውጡለት። ሌላ ቺፕ ያለው የሌላ መኪና ቁልፍ አጠገቡ ካለ ቀለበቱ ሁለቱ ባንዴ ሲያወሩበት ማንንም አይሰማም። በኪስ ተይዛ መኪናዋን የምታስነሳው ዓይነት ቁልፍ ደግሞ ስልክ ቻርጀር አጠገብ ከተቀመጠች ልትደነቁር ትችላለች። ባትሪዋ ካለቀም ቁልፏን ራሷን በተኗ ላይ አስጠጉና ሞክሩ። ብዙዎቹ መኪኖች ለዚህ ብለው ቦታ አዘጋጅተዋል፣ ቦታው የት እንደሆነ የመኪናዋ መጽሐፍ ላይ አለ።

አንድ ከመስመር የወጣ ነገር ልጨምር። በበተን የምትነሳ አውቶማቲክ መኪና ፍሬን ካልረገጣችሁላት አትነሳም፤ መርገጣችሁን የሚነግራት ደግሞ የፍሬን መብራቷ ስዊች ነው። ስዊቹ ሲበላሽ መኪናዋ በተን ስትጫኑ ዳሽቦርዷን ብቻ አብርታ ታያችኋለች፣ ሰውም ኢሞቢላይዘር ነው ይላል። ሰው ወደ ኋላ ላኩና የፍሬን መብራት ይበራ እንደሆነ ይይላችሁ። አምስት ሰከንድ ነው።

ይሄ ሁሉ አልፎ አሁንም እምቢ ካለች የምልክቶቹን አካሄድ አንብቡ። ሁሉም ነገር ጨለማ ከሆነና «ዝዝት» ከሌለ ዓይናችሁን የመሪ መቆለፊያው ላይ ጣሉ። ዳሽቦርዱ በርቶ ሞተሪኖው ካልዞረ በብዙዎቹ ላይ ቁልፉ አልታወቀም ወይም ፍሬኑና ማርሹ ናቸው። ሞተሪኖው እየዞረ ካልተነሳች ቤንዚን ወይም የሻማ እሳት ተከልክላለች፤ ያው ተራ የፓምፕ ብልሽትም ሊሆን ስለሚችል የቁልፍ ምልክቷ መብራት ምን እንደምትል እዩ። ተነስታ ከአንድ ሁለት ሰከንድ በኋላ ከጠፋች፣ ያውም ሁልጊዜ እኩል ጊዜ ቆይታ ከሆነ፣ በተለይ ቮልስዋገንና ዘመዶቹ ላይ፣ የኢሞቢላይዘር ፊርማ ነው። ተራ ብልሽት ሰዓት አያከብርም።

አሁን የመኪናዋን ኮምፒውተሮች የሚያነበውን ስካነር ሰኩ። የሞተሩን ኮምፒውተር ብቻ አትዩ፣ ሁሉንም እዩ። ብዙ ልጆች የሞተሩ ላይ የብልሽት ኮድ የለም ብለው ይነቅሉታል፣ የመሪ መቆለፊያው ጩኸት ግን ሌላ ክፍል ውስጥ ተጽፏል። ዩ0236 ከመሪ መቆለፊያው ክፍል ጋር መነጋገር አልተቻለም ማለት ነው። ፒ0513 ቁልፉ ትክክለኛው አይደለም ይላል። ቶዮታ ላይ ቢ2799፣ ቮልስዋገን ላይ ፒ1570 የኢሞቢላይዘር ናቸው።

እኔ በጣም የምወደው ግን የድሮ ኒሳኖችን አጻጻፍ ነው፣ እምቢ ያለውን በስም ስለሚጠሩት። ፒ1614 ካለ በቁልፉና በኢሞቢላይዘሩ መሐል ያለው መንገድ ተቋርጧል፤ ቺፕ፣ ቀለበት፣ ሽቦ። ፒ1615 ካለ ቁልፉ ተነቧል፣ ግን የዚህ ቤት ልጅ አይደለም። ፒ1612 ካለ ኢሞቢላይዘሩና የሞተሩ ኮምፒውተር አይደማመጡም፤ ሽቦ ነው የምትፈልጉት። ፒ1611 ካለ ሁለቱ ይደማመጣሉ ግን አይተዋወቁም፤ ይሄ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ከሌላ መኪና ኮምፒውተር አውጥቶ ሲገጥምባት ነው። ፒ1610 ደግሞ ተናድዳ ዘግታለች፤ የማታውቀውን ቁልፍ ደጋግማችሁባታል። ተመልከቱ፣ አምስት ኮድ፣ አምስት የተለያየ ስራ። ባለ ስካነሩ ግን ሁሉንም «ኢሞቢላይዘር ነው» ብሎ አንድ ላይ ይጠቀልለዋል።

ከኮዱ በላይ ደግሞ የቀጥታ ንባቡን አምናለሁ። ኮድ የትናንት ወሬ ሊሆን ይችላል። ስካነሩ ላይ «ቁልፍ ታውቋል፤ አዎ ወይም አይ»፣ «መሪ ተለቋል፤ አዎ ወይም አይ»፣ «ለመነሳት ተፈቅዷል፤ አዎ ወይም አይ» የሚሉ መስመሮች አሉ። ቁልፉን እያዞራችሁ እነሱን እዩ። ከላይ ወደታች አዎ፣ አዎ፣ ከዚያ አይ። የመጀመሪያዋ «አይ» ላይ ቁሙ። ከሷ በታች ያለው ሁሉ ሐዘንተኛ እንጂ ገዳይ አይደለም።

ከዚያ ቴስተሩን ይዛችሁ እዛ ቦታ ሂዱ። ፊውዝ በዓይን አይታይም፣ ይለካል፤ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ያላት ፊውዝ ታልፋችኋለች። የመቆለፊያው ሶኬት ላይ ቮልት ስትለኩ ዝም ብላ እያለች አይሁን፣ ለመስራት ስትሞክር ነው። አርፋ 12 ቮልት የምታሳይ ሽቦ ሞተሯ ስትጎትት ወደ 8 ከወረደች ሽቦው፣ ሶኬቱ ወይም ማሳው ነው፤ መቆለፊያዋን ብትቀይሩም አዲሷም እምቢ ትላለች። ኃይሉና ማሳው ሙሉ ሆኖ፣ ትዕዛዙ መጥቶ፣ እሷ ግን ዝም ካለች አሁን ፍረዱባት። ኮምፒውተር መቀየር የሚባለው ነገር ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም ከመኪናዋ ጋር ካልተዋወቀ ሁለት ብልሽት ይሆንባችኋል።

ያቺ የመጀመሪያዋ መኪናዬስ? ሞተሪኖውን መልሼ ካሰርኩ በኋላ ተስፋ ቆርጬ ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቁልፉ ውስጥ ነው። በንዴት የካቻቢቴውን እጀታ ከመሪው ስር መታ አደረግኩት። «ዝዝት» አለች። ዳሽቦርዱ እንደ ገና ዛፍ በራ። ለመቆለፊያው ትንሽ ሞተር ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ካርቦን ተበልቶ፣ ብናኙ ተከማችቶ ነበር፤ ስትመታ ለአፍታ ተገናኘ። ይሄ የመርሴዲስ ደብሊው 204 ባለቤቶች በደንብ የሚያውቁት በሽታ ነው።

ንግግሬን ጨርሼ ጥያቄ ስንቀበል አንድ ወጣት ተነስቶ ሁለት ነገር ጠየቀኝ። አንደኛው «ኢሙሌተር ገጥሜ ብገላገልስ?» የሚል ነበር። ኢሙሌተር ማለት መቆለፊያው ባይኖርም «ተለቋል» እያለች ለመኪናዋ የምትመልስ ትንሽ ሳጥን ናት። ትሰራለች፤ እኔም ገጥሜያለሁ። ግን አስቡት፣ አሁን እውነቱን የሚናገር ማንም የለም። ያ ወፍራም ብረት ዘንጉ አጠገብ እንዳለ ከተተወና አንድ ቀን ከወጣ መኪናዋ በደስታ ተነስታ ትሄዳለች፣ መሪው ግን ይያዛል። ስለዚህ ብረቱን ከነአካቴው ከዚያ ሳታወጡ ኢሙሌተር አትግጠሙ። ባለቤቱም ይወቀው፤ ከዛሬ ጀምሮ መሪው አይቆለፍም።

ሁለተኛው ጥያቄው «ጋሼ፣ ስትመታ ከከፈተች እየመታሁ ብነዳትስ?» ነው። ሳቅን። ግን ቁም ነገር አለበት። ይቺ ሞተር የምትሞተው አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፋ ነው፤ ምክንያቱም መኪናዋ ያደረችው ተቆልፋ ነው፣ ጠዋት ልክፈት ስትል ነው አቅም የሚያጥራት። ተቆልፋ ከሞተች ደግሞ በብዙዎቹ መኪኖች ላይ የምትፈታበት መንገድ በራሷ ብረት ይዘጋል፣ ያኔ መሰርሰሪያና መጋዝ ነው። ስለዚህ መታችሁ ከከፈተች ዕድላችሁ ያቺ ናት። ቁልፍ የሚገባባት ከሆነች ሞተሩን ብታጠፉ እንኳ ቁልፉን አትንቀሉ፣ ካልነቀላችሁት አትቆልፍም። በበተን የምትነሳ ከሆነች ብዙዎቹ የሚቆልፉት ሞተር ጠፍቶ በር ሲከፈት ነውና ሳታጠፉ በቀጥታ ጠጋኙ በር ድረስ ንዷት፣ እሱም መቆለፊያዋን ተከፍታ እያለች ያውርዳት።